ለእናቴ ያደረስኩት ዳቦ

ልጄ ከሠራዊት ከወጣች በኋላ፣ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ከእኩዮቿ ጋር ቴያትር መሥራት ጀመረች። ቃል የለበትም፤ ሁሉን በሰውነታቸው ነው የሚናገሩት። ያሁኑ፣ ሴቶች በጦርነት ጊዜ ስለሠሩት ሥራ ነበር። እያንዳንዷ ከእናቷ ወይም ከአያቷ አንድ ነገር እንድታመጣ ተባለ።

ፖሌግ ከሚባለው ሰፈር ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ኢማ፣ አንቺ በጦርነት ጊዜ ምን ሠርተሻል?»

ኢትዮጵያ ሳለን፣ አባቴ ለጦር ታፍሶ ሲሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እርሻውን እናቴ ያዘች። በየወሩ ግን፣ የወር አበባዋ ሲመጣ፣ በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ከቤት ወጥታ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ አረሙም፣ ውሃውም፣ ታናናሾቼም በእኔ ላይ ናቸው። ምግቧን የማደርሰውም እኔ ነበርኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ አሳየኋት። ዳቦውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ።

«በእጇ አትሰጫትም?»

«በመርገም ሳለች አትነካማ!»

«በጦርነትም?»

«በጦርነትም።»

 «ይህን በቴያትሩ ልሥራው?» አለችኝ።

ፈራሁ። እናታቸውን ከቤት ያስወጡ ነበር ብለው ሰዎች ቢስቁብንስ?

«ካልፈቀድሽ አልሠራውም» አለች።

ሰንበት እስኪያልፍ ታገሺኝ አልኳት። ጸለይኩ። ከሰንበት በኋላ፣ «ሥሪው። ብቻ እናቴን ምስኪን አታድርጓት፤ ቀጥ ብላ ነበር የምትቀመጠው» አልኳት።

በቴያትሩ ቀን ልጄ እኔን ሆነች። እናቴን የሆነችው ወላጆቿ ከሩሲያ የመጡ ልጅ ናት። ልጄ ዳቦውን አስቀምጣ ሄደች። ያቺ ግን ቶሎ አላነሳችውም። ልጄ ከመድረኩ እስክትጠፋ ድረስ ቀጥ ብላ በዓይኗ ሸኘቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ማንም አልሳቀም።

ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፤ አላውቀውምና። አረሙ ስለሚጠብቀኝ አንድ ቀንም ወደ እናቴ ዞሬ አላየሁም።

ሲያልቅ እናቴን የሆነችውን ልጅ፣ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። እናትሽን ሆኜ፣ ልጄ ብቻዋን ወደ ማሳ እየሄደች እንዴት እበላለሁ?» አለችኝ።

አገላብጬ ሳምኳት፣ መረቅኳት።

«እኔስ?» አለች ልጄ። «ከባዱን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«አንቺማ ልክ እንደ እኔ ጥለሻት ሮጥሽ» አልኳት። ሳቅን።

እናቴ ካረፈች ቆየች። በሕይወት ሳለች፣ ስሄድ በዓይንሽ ትሸኚኝ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ትስቅብኝ ነበር እንጂ አትነግረኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አየሁት።