አጥር ውስጥ የታረደው በሬ

ባለፈው ቅዳሜ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ነዳጅ ማደያው ጋ ቫኔን ፓርክ አድርጌ ሳንድዊቼን ስበላ፣ አብሮኝ ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አገር ቤት ሊሠራው ያሰበው ቤት ዲዛይን ነው። ፎቅ፣ መስታወት፣ የአንበሳ ራስ ያለበት የብረት በር።

«ሶ፣ እንዴት አየኸው?» አለኝ።

«አጥሩ የሚቆመው የማን መሬት ላይ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። አንተ መቼም ኔጌቲቭ ነህ አለኝ። ሳንድዊቼን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። እሱ የቀለደ መስሎታል፣ እኔ ግን የአባቴ አጥር ነው የታየኝ።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲያትል መጥቶ ጉልበቱን የጨረሰው የሰው መኪና እያቆመ ነው። ዓመቱን ሙሉ እሺ ሲል ይከርምና መስከረም ሲመጣ ያኮርፋል። ጉራጌ ነን። ለመስቀል ሰው ካለበት ተነስቶ አገሩ ይገባል፣ ጎረቤት አንድ ላይ ሆኖ በሬ ይገዛል፣ አብሮ ያርዳል፣ ይከፋፈላል። አባቴ ከዓለም የሚፈልገው ያንን ነበር፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ቢላ ይዞ መቆም። ዘንድሮ እንሄዳለን ሲል ዓመታት አለፉ፣ በመጨረሻ ያን ዓመት እማዬን፣ እኔንና ትንሿን እህቴን ሰላምን ይዞ ተነሳ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ አስፋልት ሆኗል። አባዬ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ፣ እዚህ ጋ ጭቃ ነበር፣ እዚህ ጋ በእግር ነበር፣ እያለ እንደ ልጅ ይለፈልፋል። እርጥብ ባህር ዛፍ ይሸታል። መንገዱ ላይ ባጃጅ ይጮሃል፣ ሰላም «አር ዊ ዜር የት?» ትላለች። ሰፈራችን ስንደርስ ግን አባዬ መስኮቱን ዘጋው።

እኛ አገር ከቤቶቹ ፊት ለፊት ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፣ ጀፎረ ይባላል። የሁሉም ነው። ከብት ይውልበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርግም ለቅሶም እዛው ነው። ማንም አያጥረውም። አጎቴ ክፍሌ ግን አባቴ ለቤት ማደሻ ብሎ በላከለት ብር ሜዳው ላይ ወጥቶ የድንጋይ አጥር ገንብቷል፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ሱቅ ለጥፏል። እማዬ የአጥሩን በር አይታ ደስ አላት። አባዬ አጎቴን ጎትቶ ወደ ጓሮ ወሰደው። ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ይላል አጎቴ። «ያንተ ነው ስላልኳቸው ማንም ቃል አልተናገረም። አሜሪካ ያለን ሰው ማን ይከሳል?»

አየህ? በአባቴ ስም ነው የታጠረው። ሲያትል የሰው መኪና የሚያቆም ሰውዬ እዛ መሬት ቀማኛ ሆኖ አገኘነው።

መስቀል ደረሰ። ጎረቤቶቹ መጡ፣ አቀፉን፣ አለቀሱ፤ ሁሉም ግን ከበሩ ውጪ ሆነው ነው። ግቡ ሲባሉ ሌላ ቀን ይላሉ። በሬያቸውን ሲገዙ አባዬን አልጠሩትም። ይሄኔ ነው አባቴ ጅል የሆነው። አጥሩን በማፍረስ ፈንታ ከተማ ሄዶ የሚያህለው የሌለ በሬ ብቻውን ገዛ። አጥር ውስጥ አሳረደው። ሥጋውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ እኔንና ሰላምን በየቤቱ ላከን።

የሰደበን ሰው የለም። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር። በየደረስንበት ቤት ስመው አስቀመጡን፣ ቅቤው የሚያንጸባርቅ ክትፎ በቆጮ አጎረሱን፣ ስንወጣ የራሳችንን ሥጋ እጃችን ላይ መለሱልን። «ለአባትህ አድርስልን፣ እኛስ ሥጋ አለን» አሉኝ። ሰላም «ዋይ ዶንት ዜይ ዋንት ኢት?» እያለች ትጠይቀኛለች። ቤት ተመልሰን ጠረጴዛው ላይ ስንደረድረው አባዬ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ አያቸው። አንዱም አልተፈታም።

ጮህኩበት። እስከዛ ቀን አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም ነበር። አፍርሰው አልኩት፣ አሁን፣ ዛሬ፣ እኔ አፈርሰዋለሁ። አጎቴ ሱቁ የልጆቼ እንጀራ ነው ብሎ የአባዬ እግር ላይ ወደቀ። አባዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሙን አየ። ከዛ ምን ቢል ጥሩ ነው? ስንሄድ ቀስ ብለህ ታፈርሰዋለህ አለው። እሺ ጋሼ አለ አጎቴ። እሺ ማለት ምን ያቅታል?

የምንሄድ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኘን ወጣ። ጋሽ ሳህሌ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አባዬን በልጅነቱ ከብት ያስጠበቁት፣ ከተረፈው ሣር ላይ ቆመው ግንባሩን ሳሙት።

«በሰላም ግባ ልጄ» አሉት። «ስትመጣ አብረን እናርዳለን።»

መጥቻለሁ እኮ ሊላቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ስሞ መኪናው ውስጥ ገባ። እስከ ወልቂጤ ድረስ መስኮቱን አልከፈተም።

አጥሩ አሁንም አለ። ሱቁ ላይ ፎቅ ተጨምሮበታል አሉ። እኔ ኮሌጅ ጀምሬ ተውኩ፣ ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ፣ ይሄን ንዴት ግን መተው አልቻልኩም። ጎረቤቶቹ መክሰስ ይችሉ ነበር፣ በሌሊት ማፍረስ ይችሉ ነበር። ልጃችን ነው፣ ሲያየው ራሱ ያነሳዋል ብለው በክብር ጠበቁት። ይሄ ክብር ነው የሚያቃጥለኝ።

ከነዳጅ ማደያው ወጥቼ ፌደራል ዌይ ለሚኖረው አባዬ ኮል አደረግኩ። ቲኬት ልቁረጥ፣ እኔ ሄጄ ላፍርሰው አልኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው።

«ተወው» አለኝ። «የጠበቁት እኮ አንተን አይደለም።»

ታዲያ ለምን አትሄድም ልለው ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ስልኩን ዘጋው።