ልጄና የጣልያኗ አውሮፕላን፦ ከብሩክሊን ሴንተር እስከ ዉድበሪ

ብሩክሊን ሴንተር፣ ቅዳሜ ጠዋት

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ማርታ ስድስት ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ የሠራቻትን ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ዉድበሪ ለሚደረግ የሞዴል አውሮፕላኖች ትርዒት ልናደርስ ተነሣን። ክንፏ እንዳይሰበር በፎጣ ጠቅልላ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ሾፌር ብቻ ነኝ። ስለ አውሮፕላን የማውቀው ሲዘገይ መናደድ ነው።

በ694 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳን። የከረመው በረዶ መንገድ ዳር ጠቁሮ ተከምሯል። ማርታ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ፒ 119 እንደምትባል፣ የጣልያን ተዋጊ አውሮፕላን እንደሆነች፣ ሞተሯ ከአብራሪው ጀርባ እንደሆነ፣ አንዲት ብቻ ተሠርታ እንደቀረች፣ የበረረችውም ጣልያን ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ከአውራ ጎዳናው መውጫው እንዳያመልጠኝ እያየሁ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ከሁሉ ጆሮዬ የገባው «ጣልያን» የሚለው ነው፤ እሱም ደስ አላለኝም።

ዉድበሪ

መግቢያው አምስት ዶላር ነው፤ የሚሸጡት ሆት ዶግ ቀዝቅዟል። ማርታ አውሮፕላኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ከፊቷ የስም ካርድ አቁማ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ወዲያው ጋሽ ታደሰ ብቅ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ነው። አባታቸው የጣልያን አውሮፕላን በረጨው መርዝ ተቃጥለው ጠባሳቸውን ይዘው እንደኖሩ የማያውቅ የለም። የእኛ መሆኗን እንዳያውቁ ከጠረጴዛው ፈቀቅ አልኩ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው አውሮፕላኗንም ካርዱንም ደህና አድርገው አዩ።

«እንዲህ ያለ እጅ ያላት የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ አላውቃትም።»

ምላሴን ይቁረጠው! ዞር ስል ማርታ ኮዳዋን ይዛ ቆማለች። በአማርኛ አትመልስም እንጂ አንድም አያመልጣትም።

ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን ካርዱ ላይ አሳረፉ። «ማርታ ዘለቀ» ይላል።

«ዘለቀ፣ ስምህ እኮ እዚህ ተጽፏል» አሉኝ ቀስ ብለው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ወደ ማርታ ዞረው ስለ ሞተሩ ጠየቋት። ልጄ እኔን በአማርኛ ካናገረችኝ ስንት ጊዜዋ ነው፤ ለእሳቸው ግን ቃል እየፈለገች መለሰች።

«ይቺ ማንንም አልገደለችም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሏት፤ ትከሻዋንም ያዝ አደረጉ። ያ የእኔ ሥራ ነበር።

መመለሻ

የግማሽ ሰዓቱን መንገድ ነድቼ ቤት ደረስን። ከመኪናው ልንወርድ ስንል ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ኦኬ» ብላኝ ካርቶኗን አቅፋ ገባች። ጠዋት ስንሄድ ስታወራኝ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ፣ አውሮፕላኗ የበረረችው ጣልያን ከአገራችን ከተባረረ በኋላ መሆኑን ለጋሽ ታደሰ ኮራ ብዬ እነግራቸው ነበር። አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ማታ ሳሎን አውሮፕላኗ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። ካርዱም ከፊቷ ቆሟል፤ ግን ከመሐል ታጥፏል። «ማርታ» ብቻ ይነበባል። ነገ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ታደሰ ፊት «ልጄ ናት» እላለሁ። ካርዱን ልዘረጋው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። እሱን የምትዘረጋው እሷ ናት።