የማካቱ ግራ እጅ

ማካቱ የተወለደችው የሪዩክዩ ደሴቶች ንጉሥ ከሹሪ ግቢያቸው ወጥተው ወደ ያማቶ አገር በመርከብ በተወሰዱ በአሥራ አንደኛው ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ደግሞ አዲሶቹ የያማቶ ገዢዎች፣ ሴት ሁሉ ከእንግዲህ እጇን እንዳትነቀስ አዋጅ አስነገሩ።

ታላቅ እህቷ ኡሚቱ አዋጁን ቀድማዋለች፤ ሁለቱም እጆቿ ከጣት እስከ አንጓ አጊጠዋል። የሙዝ ቃጫ ስትሸምን እነዚያ እጆች ሲመላለሱ ማካቱ በቅናት ዓይኗን ትተክልባቸዋለች።

«ምን ታፈጪያለሽ፣ ነጭ እጅ?» ትላታለች ኡሚቱ። «ያልተነቀሰችዋን ያማቶዎች ጭነው ይወስዷታል አሉ። ጓዝሽን ሸክፊ!»

«ይውሰዱኝ! ያንቺን ፊት ከማየት እገላገላለሁ።»

በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በመከር በዓል ሴቶቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲጨፍሩ፣ እሷ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ ቆማ ዋለች። በማግስቱ አሮጊቷ ነቃሽ እማማ ካማዱ ደጅ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ በስተርጅና ልታሳስሪኝ ነው?»

«ማንም አይሰማም፣ እማማ! እንዲህ ባዶ እጄን ብሞት አያቶቼ ምን ብለው ይቀበሉኛል?»

አሮጊቷ አንጀታቸው አልቻለም። ሸንኮራ አገዳው መሀል ተቀምጠው፣ በአረቄ የበጠበጡትን ጥቁር ቀለም በመርፌ እየወጉ ግራ እጇን ጨረሱላት። «ቀኙን ይኼ ሲድን» አሏት።

ማካቱ ግን አላስቻላትም። እብጠቱ ሳይጎድል ውሃ ሊቀዱ በመጡት ሴቶች ፊት እጇን እህቷ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«እስቲ አሁን ነጭ እጅ በይኝ! እማማ ካማዱ ከነቀሱኝ ወዲያ ያንቺማ የደበዘዘ ጥላሸት ነው!»

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ፖሊስ ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷ ታሰሩ፤ መርፌዎቻቸውም ተወረሱ። ከወር በኋላ ከስተው ሲመለሱ ማካቱ በየማለዳው ስኳር ድንች ቀቅላ ደጃቸው ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ በሩን አልከፈቱላትም። በመጨረሻ በሩን ከፈቱ።

«ግቢ። ያሳሰረኝ ምላስሽ ነው፤ ድንችሽ ምን አደረገኝ። ቀኙን ግን እርሺው።»

እስኪሞቱ ድረስ ጦረቻቸው። አግብታ፣ ወልዳ፣ አያት ከሆነችም በኋላ፣ ከኡሚቱ ጎን ስትቀመጥ ቀኝ እጇን በግራዋ ትሸፍናለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከኔ ምን አንሶሽ ነው እስከ ዛሬ የምትቀኚው?» አለቻት ኡሚቱ አንድ ቀን።

«አንድ እጅ» አለች ማካቱ፣ ሳትስቅ።