መስኮቱ ላይ የተሰቀለው የዘሀራ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ስለሌለ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያልገባኝን ቃል ሳልፈታ አላልፍም። ጽሑፉ ወራትና ዓመታት ስለሚዘልቅ፣ በእንቅልፍም ስለማይለቅ የድካም ሕመም ነበር። ተመራማሪዎች የብዙ ሕሙማንን የአንጎል ምስል ከጤነኞች ምስል ጋር ሲያስተያዩ፣ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች መጠን ላይ ልዩነት እንዳገኙ ይናገራል። ባጃጆቹ የመንገዱን ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። እኔ ግን በዓይነ ሕሊናዬ የመጣብኝ አጋሮ አጠገብ ያለው የአባቴ ቤት መስኮት ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታላቅ እህቴን ዘሀራን በሰፈራችን በቡና ለቀማ የሚደርስባት አልነበረም። ቀይ ቀዩን ብቻ ነው የምትለቅመው፤ ከቅርጫቷ አረንጓዴ ፍሬ ከተገኘ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤታችን ትኩሳት ገባ። ሁላችንም ታመምን፤ ሁላችንም ተነሣን። ዘሀራን ትኩሳቱ ለቀቃት እንጂ ድካሙ አልለቀቃትም። ፀጉሯን ከታጠበች ከሰዓቱን ሙሉ ትተኛለች። ከእንቅልፏ ስትነቃ ከመተኛቷ በፊት ከነበረው ብሶባት ነው። ንግግር ጀምራ ቃሉ ይጠፋታል። «ያ... ጎደሬ የምንቀቅልበት» ትላለች፤ ድስት ማለቷ ነው።

መንደሩ ለዚህ ሁለት ስም ብቻ ነበረው፦ ወይ ሰንፋለች፣ ወይ ጭንቅላቷን ነክቷታል። አባቴን እንቅልፍ የነሣው ሁለተኛው ነው፤ ባል ባላገባች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ከተለጠፈ አይለቅም። ስለዚህ ጅማ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አንጎሏ በኤም አር አይ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፎ አየና «ንጹህ ነው፤ ምንም የለባትም» አለ። ዘሀራ ታዲያ ለምን እንደሚደክማት ጠየቀችው። ሐሳብ ይሆናል፣ ዘና በይ አላት።

አባቴን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። መናኸሪያው ላይ ሙዝ ገዝቶ ለማናውቃቸው ተሳፋሪዎች ሁሉ አደለ። ዘሀራ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጥላ የሚኒባሱን መስኮት ተደግፋለች፤ ሙዟ እጇ ላይ እንዳለ ቤት ደረሰ።

አባቴ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ከገበሬው እየገዛ ለነጋዴ ያስረክባል። በእኛ አገር ሰብሳቢ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ አንድ እፍኝ ያወጣል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል፤ እፍኙ ንጹህ ከሆነ ጆንያው ንጹህ ነው። ፊልሙንም እንደ እፍኙ ቆጠረው። የገባ ሁሉ እንዲያየው፣ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ባለው የሳሎኑ መስኮት ላይ በሚስማር ሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ እስቲ ጥቁር ነጥብ ካለበት አሳዩኝ ይላል። ወሬው ወዲያው ቆመ። ጭንቅላቷን የነካት ነገር እንደሌለ ሁሉም አመነ። የቀረው እንግዲህ ስንፍና ብቻ ሆነ።

ኅዳር ላይ የጎረቤታችን የአባ ፊጣ ቡና ቀላ፤ ደቦ ጠሩ። ከሰው ደቦ የቀረ፣ የራሱ ቡና ሲደርስ ብቻውን ይቀራል። አባ ፊጣ ቤታችን መጥተው መስኮቱን ቀና ብለው አዩና ወደ ዘሀራ ዞሩ።

«ነገ ትመጫለሽ አይደል፣ ኢንታላ ኮ? ፊልምሽ እኮ ከእኔ ቡና ይጠራል።»

አባቴ ሳቀ፤ በኦሮምኛ ልጄ እያሉ በፍቅር ስለጠሯት እሷም ሳቀች። እመጣለሁ አለቻቸው። ጓዳ ስትገባ ተከትዬ እንዳትሄድ ለመንኳት።

«ካልሄድኩ ለእኛ ማን ይመጣል?» አለችኝ። «ደግሞ ንጹህ ነሽ ተብያለሁ።»

ሄደች። እስከ ማምሻው እንደ ድሮዋ ለቀመች፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ አመጧት። በማግስቱ አቃሰተች፤ ከዚያ ጭራሽ መነሣት አቃታት። ማንኪያ ከብዷት ገንፎ በእጄ አጎረስኳት። ብርሃን ስለሚያማት የክፍሏን መስኮት በጋቢ ጋረድን። የእኛ ቡና ሲለቀም ገና አልጋ ላይ ነበረች። ለቃሚዎቹ በሯን ሲያልፉ፣ ለአባ ፊጣ የበረታች ለአባቷ ደከመች ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የጣላት መሥራቷ ሆኖ ሳለ፣ መሥራቷን የጤንነቷ ምስክር አደረጉት። አባቴ ሐኪሙ ካለው በላይ ምን ላድርግ ብሎ እንባው ሲመጣ አየሁ። ስለ ሕመሙ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እሑድ ጽሑፉን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ዘሀራ ዛሬ በአቅሟ ልክ ትኖራለች፤ በር ላይ ተቀምጣ ቡና ታበጥራለች፣ ሳይደክማት በፊትም ታቆማለች። ሰነፍ የሚለው ስም ግን አብሯት አለ። ፊልሙም እዚያው ነው፤ ጠርዙ ገርጥቷል። ለአባቴ አንድ በአንድ አስረዳሁት፦ ልዩነቱ በአንድ ሰው ፊልም ላይ በዓይን እንደማይታይ፣ የብዙ ሰው ምስል ተሰብስቦ ሲሰላ ብቻ እንደሚወጣ፣ ጥናቶቹ ሁሉ እንደማይስማሙ፣ የሕመሙ መንስኤ ይሁን ውጤት ገና እንዳልታወቀ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ በከዘራው ወደ መስኮቱ አመለከተ።

«እሷስ ላይ አለ?»

ዘሀራ ማበጠሩን አቁማ አየችኝ።

«አይታወቅም፣ አባዬ» አልኩት።

«እንግዲያው ንጹህ ነው» አለና ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

ስወጣ ዘሀራ እስከ አጥሩ ድረስ ቀስ እያለች ሸኘችኝ።

«አለ ብትለው ምን ነበረበት?»

«ውሸት ይሆናላ።»

«እኔን ሲሉኝ የኖሩትስ እውነት ነበር?» አለችና ዞራ ገባች።

ሚኒባሱ ውስጥ ጽሑፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ ሳልዋሽ «አለ» የምልበት አንድ ዓረፍተ ነገር እየፈለግሁ። ጅማ መናኸሪያ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እኔ ገና ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ነበር።