አሸዋ የሞላሁት የስፒከር ማቆሚያና የአባቴ ሳል

ዛሬ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ የአባቴን ሳል ሰማሁ። አባቴ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ከሞተ ቆይቷል።

ምርቃና ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ዛሬ እንኳን ጫት አልቃምኩም።

ስፒከሮቼን የማስቀምጥባቸው ማቆሚያዎች እዚሁ ጭሮ ከተማ ያስበየድኳቸው፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ቱቦዎች ናቸው። ድምፅ ሲከፈት ብረቱም አብሮ ይጮህ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የማመካኘው በአባቴ አሮጌ ካሴት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያደረቅኩትን የወንዝ አሸዋ ሞላሁባቸው። ከሥራቸው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የቆረጥኩትን ጎማ አደረግኩ፤ ከግድግዳውም ትንሽ አራቅኳቸው።

ከዚያ አባቴ በዚሁ ሳሎን፣ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ሆኖ በራሱ ቴፕ የቀዳውን መንዙማ ከፈትኩ። ብረቱ ዝም አለ። ድቤው ጥርት ብሎ ወጣ። ከድቤው ኋላ ግን በዚህ ካሴት ላይ ሰምቼው የማላውቀው ሳል መጣ፤ ልክ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ጥግ።

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ እናቴ ከጓዳ ሆና፣ "ኧረ አባትህን እያሳለው ነው፤ ውሃ ስጠው እንጂ!" አለችኝ።

እናቴ ደግሞ የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ምን ላድርግ? ውሃውን ቀድቼ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ይህንን የምጽፈውም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው።

እናንተስ፣ የቤታችሁ ጩኸት ጋብ ሲል የመጣባችሁ ድምፅ አለ? እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፤ ካሴቱ ገና አላለቀም።