የእትዬ ጠጅቱ ምንጣፍ

ጠዋት እህቴ ደውላ "እትዬ ጠጅቱ አረፈች" ስትለኝ፣ "የትኛዋ?" አልኳት። ሰፈራችን ግቫት ጺዮን ውስጥ ሌላ እትዬ ጠጅቱ እንደሌለች እያወቅሁ! ሌላ ሰው ይሁን ብዬ ነው። ትናንት እኮ አፍሪዳር ሰፈር አግኝታኝ "ምነው ከሳሽ?" ብላኛለች።

ለማታውቋት፣ እትዬ ጠጅቱ የእናቴ ጎረቤት ናት። የሰፈሩ ሴት የሆዱን የሚያወጣው ለእሷ ነበር። አንቱ ስላት ትቆጣለች። "አንቱ ካልሽኝማ ምንም አትነግሪኝም" ትላለች።

እናቶቻችን ወደዚህ አገር ሳይመጡ፣ ጎንደር እያሉ፣ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ፣ ስትወልድም፣ ከቤት ተለይታ የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር። እዚህ ለተወለድኩት ለእኔ ስሙ ራሱ ያንገሸግሸኛል። እሷ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

"ብርዱም ጭቃውም ይቅርብን። የጎጆው ወሬ ግን ለምን ይቀራል? እዚህ አመመኝ የሚባለው ለማን ነው? ልጅሽ በዕብራይስጥ እያስተረጎመች ለሐኪም?"

ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ሴቶቹን ሰብስባ ባሕሩ ዳር ባለው ብሔራዊ ፓርክ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ታነጥፋለች። ገና የወር አበባ ያየች ልጅም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ካቋረጠች የቆየች አሮጊትም አብረው ይቀመጣሉ። ለወንዶቹ "ባሕር ልናይ ነው" ይባላል። አባቴ "ባሕሩ በየሳምንቱ ይለወጣል እንዴ?" እያለ ይቀልድ ነበር።

ሰው ዝም ሲል "ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ነውር መሀላችን ገብታ እንዳትቀመጥ" ትላለች።

አንድ ማክሰኞ እናቴን ትክ ብላ አየቻት።

"አንቺ፣ ነጠላ ወገብሽ ላይ ማሰር አበዛሽ። ደም አለ?"

እናቴ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አንገቷን ደፍታ "አለ" አለች። ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። "ሆዴን ይቆርጠኛል" ከማለት በቀር ነግራኝ አታውቅም።

"ነገ ክሊኒኩ፣ ኩፓት ኾሊም፣ እንሄዳለን። ቶር የለም፣ ቀጠሮ አልያዛችሁም ካሉን በሩ ላይ እቀመጣለሁ" አለች እትዬ ጠጅቱ። ተቀመጠችም።

የማህፀን ካንሰር ነበር። ሳይሰራጭ ተደረሰበትና እናቴ በቀዶ ሕክምና ዳነች። ለአባቴ ግን "ሆዷን ነው" ተባለ፣ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ከሰዓት ቀበርናት። ቄሶቹ፣ አባቴ፣ ወንድሞቼ ሁሉ ቆመው ሳለ እናቴ ደረቷን እየመታች መሀል ገባች።

"ማህፀኔን ካንሰር ሲበላኝ አፍሬ ልሞት ነበር! ደም አለ ወይ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት!"

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ከኋላ አንዲት አሮጊት "እኔንም!" አለች። ሌላዋም ተከተለች። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

እትዬ ጠጅቱ፣ እናቴን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ይህን በቁምሽ ደጋግሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

አሁን ቤት ገብተናል። አባቴ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ "ለመሆኑ ያኔ ምንሽን ነበር ያመመሽ?" ብሎ ጠየቃት። እየነገረችው ነው። እሱም እያለቀሰ ይሰማታል።

እንዲህ ያለውን ወሬ ሮጬ የምነግረው ለአንቺ ነበር። አፈሩ ይቅለልሽ፣ እትዬዋ። ደህና ሁኚልኝ።