የአበጀን ፊት ያጠራሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተም የምነግራችሁ ወድጃችሁ አይደለም። የአበጀ ቤተ ዘመዶች ዛሬም እሱን ጎረቤት ለጣሊያን አሳልፎ ሰጠው እያሉ ምንም የማያውቅ ሽማግሌ ሲረግሙ ስለምሰማ ነው። ጎረቤት አይደለም። አበጀን ያስያዝሁት እኔ ነኝ።

እናቱ ጥሩነሽ አማቴ ነበረች፤ አንቱ እያልሁ እግሯን ያጠብኋት። አልወለደችም ብላ ልጇ እንዲፈታኝ አደረገች። ከአምበር እስከ ደብረ ማርቆስ ዕቃዬን በአህያ ጭኖ የሸኘኝ ታናሽ ልጇ አበጀ ነው። መንገዱን ሁሉ አንድ ክፉ ቃል ካፉ አልወጣም። እሱ ምን በድሎኝ ነበር? ምንም።

ያኔ ጣሊያን ገብቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከአንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዘንድ በልብስ አጣቢነት ተቀጠርሁ፤ ኋላ ፊልም ማጠቡንም ማንሳቱንም አስተማረኝ። ነጭ የለበሰ ሰው ሲነሳ ብርሃኑን በሸማው ከለካሽ ሸማው ያምራል፣ ፊቱ ግን ከሰል ይሆናል፤ በፊቱ ለክተሽ የካሜራውን ዓይን ሰፋ ካደረግሽው ፊቱ ይጠራል፣ ሸማው ይጠፋል ይለኝ ነበር። እሱ የሚወደው ሸማውን ነበርና አገሬው የሚያውቀው ከሰሉን ብቻ ነው። በበዓል የተነሱት ካህናት ፎቷቸው ሲመጣ ጥምጥም እንጂ ፊት አልነበራቸውም፤ ጣሊያን ቄሶቹን ፊት ነሳቸው ተብሎ ተሳቀ።

አበጀ ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ይወጋ ነበር። የጣሊያን የጦር ሹሞች ስሙን ያውቃሉ፣ መልኩን አያውቁም። የአባቱ ተዝካር ሲደርስ ተደብቆ መጣ። አማቴም ላከችብኝ፤ ሦስቱን ልጆቼን እንግዲህ አንድ ላይ አላያቸው ይሆናልና ፎቶ አንሺልኝ አለች። እንጀራዋን ስበላ ስሜን ጠርታኝ የማታውቅ ሴት፣ ሲቸግራት ልጄ አለችኝ። የሚነሳ ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ ለሹሞቹ እንደሚቀርብ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ካሜራውን ይዤ ሄድሁ።

አበጀ ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ከወንድሞቹ መሀል ሊቆም አመነታ።

«እታለም፣ ይህ ዕቃ መልኬን ያወጣዋል?»

«በነጭ ላይ? የቄሶቹን አላየህም? ከሰል ነው የምትሆን» አልሁት።

«እንግዲያ እናቴ ከሰሏን ትሳም» ብሎ እየሳቀ ቆመ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? የካሜራውን ዓይን ሰፋ አደረግሁት። ጣሊያን አዘዘኝ እንዳልል ማንም አላዘዘኝም። እኔ በፊቱ ለካሁ፣ እኔ አነሳሁ፣ እኔው አጠብሁ። ሳጥበው ላበላሸው አልችልም ነበር? እችል ነበር። ቅንድቡ፣ ከንፈሩ፣ ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ጥርት ብላ ስትወጣ ዝም ብዬ አየሁ። ጥሩነሽ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት ብትፈልጉብኝ አታገኙም።

ሹሞቹ ሁለቱን ወንድማማቾች ከገበያ ያውቋቸዋል፤ ሦስተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ብዙም ሳይቆይ አበጀን ሉማሜ ላይ ያዙት። ሰቀሉት። ሬሳውንም ለእናቱ ከለከሏት።

ፎቶው ደርሷት ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ቤቴ መጣች። ከበሯ ያስወጣችኝ ሴት በሬ ላይ ቆመች። ይህን ስጠብቅ ኖሬ አልነበር? ታለቅሳለች ብዬ አየኋት፤ አላለቀሰችም።

«ክፉ ሆኜብሽ ነበር» አለችኝ። «አፈሩን እንኳ ከለከሉኝ። ፊቱን ያስቀረሽልኝ አንቺ ነሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ።» ይህን ብላ እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች።

ይቅር በሉኝ አልልም። እሷም ክፉ ነበረች ብዬ አላመካኝም። ያን ጊዜ እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። እኔ ግን ክንዷን ይዤ ቀና አደረግኋትና አሜን አልሁ።